የተቀቀለው ማስክ

እማማ አንጓችን የበደላቸው ሰውዬ አቶ ልየው ይባላል። የሆስፒታሉ ንብረት ኃላፊ ነበር።

አንድ ቀን፣ ኮሮና የገባ ሰሞን ነው፣ ይኸው አቶ ልየው የሦስት ቀን ሥልጠና ወስዶ፣ ደረቱን ነፍቶ ልብስ ማጠቢያ ክፍሉ ውስጥ ከች አለ። እዚያ ሃያ ስድስት ዓመት ያጠቡት እማማ አንጓች ናቸው። ማስክ እንደ ልብ የማይገኝበት ጊዜ ስለነበረ፣ ነርሶቹ ያንን ወፍራሙን ማስክ አንዴ አድርገው አይጥሉትም። እማማ አንጓች እየተቀበሉ በወረቀት ከረጢት ከተው ምስማር ላይ ይሰቅሉታል፤ የሰኞው ቅዳሜ ይወርዳል፣ በሽታውም እዚያው ደርቆ ይቀራል። ፊደል ስላልቆጠሩ በየከረጢቱ ላይ ክር ሰፍተውበታል፦ ቀዩ የሲስተር ውዴ፣ አረንጓዴው የዶክተር ሰብለ። የአንዷን ለሌላዋ ሰጥተው አያውቁም።

«ይሄ ደግሞ ምን ጥንቆላ ነው?» አለ አቶ ልየው ክሩን እየነካካ።

«ዶክተር ሰብለ ናት ያሳየችኝ። ውኃ አይንካው፣ ከነካው በሽታ ማጣራቱን ይተዋል ብላኛለች።»

«አንቺ ሴትዮ! ስምሽን እንኳ መጻፍ የማትችዪ፣ እኔን ልታስተምሪኝ ነው?»

ይሄን ብሎ ማስኩን ሁሉ ከየከረጢቱ አራግፎ በርሜል ውስጥ ጨመረው። በረኪና ደፋበት፣ የልብስ ሳሙና ነሰነሰበት፣ እንደ ሽሮ አንተከተከው። ገመድ ላይ ሲደርቅለት አንድ ወረቀት ጻፈ፦ «በደንቡ መሠረት ጸድቷል፤ እንደ አዲስ ያገለግላል።» ፈረመ፣ ማኅተሙን ቸብ አደረገ፣ የቀለሙን ቆርቆሮ ወደሳቸው ገፋ።

«በይ፣ ምስክር ነሽ። አሻራሽን አድርጊ። እምቢ ካልሽ ነገ እዚህ ግቢ እንዳላይሽ።»

እማማ አንጓች ነርሶቹን አሰቡ። ያንን ቅቅል አድርገው ነው ከሚያስለው በሽተኛ አፍ ሥር የሚያጎነብሱት። አውራ ጣታቸውን መቀነታቸው ውስጥ ሸጎጡ።

«ቆይ እስቲ ልጄ» አሉና ከጎን ካለው ወጥ ቤት ፍም የሞላ የከሰል ምድጃ ይዘው መጡ፤ ዶክተር ሰብለንም አስጠሩ። «እንደ አዲስ ካገለገለ አንተው ሞክረው» ብለው ከበርሜል የወጣውን አቶ ልየውን አስደረጉት። እሳቸው ከበርሜሉ ያመለጠውን የራሳቸውን አጠለቁ። ዶክተሯን ደጅ አቁመው በሩን ገጠም፣ ሁለት ዛላ በርበሬ ፍሙ ላይ ጣል አደረጉ።

የእማማ አንጓች ዓይን እንባ አቀረረ እንጂ ጉሮሯቸው ኮሽ አላለም። አቶ ልየው ግን ሳለ፣ አስነጠሰ፣ ግድግዳ ለግድግዳ ዳበሰና በሩን በርግዶ ዶክተሯ እግር ሥር ወደቀ።

«በርበሬና ቫይረስ አንድ አይደለም!» አለ ትንፋሹ ሲመለስለት። አሁንም ወረቀቱን ያውለበልባል። «ይኸው ተጽፏል! ተፈርሟል! ማኅተም አለው! እሷ ማንበብ ባትችል እኔ ምን ላድርግ?»

እማማ አንጓች ማስካቸውን ቀስ ብለው አወለቁ።

«እውነትህን ነው ልጄ፣ እኔ አልተማርኩም። ግን በሽታውም አልተማረም። ነርሶቹ አፍ ላይ ሲደርስ ወረቀትህን ማን ያነብለታል?»

ዶክተር ሰብለ ሳቋን መያዝ አቅቷት ግድግዳውን ተደገፈች። ወረቀቱን ተቀብላ ለሁለት ቀደደችው። አቶ ልየው ለክፉ ቀን ብሎ የቆለፈበት አንድ ካርቶን አዲስ ማስክም ያኔውኑ ተከፍቶ ለነርሶቹ ታደለ።

በማግስቱ ጠዋት፣ የተቀቀለው ማስክ ይቃጠል የሚል ሌላ ወረቀት መጣ። አቶ ልየው አንገቱን ደፍቶ ፈረመ። እማማ አንጓች ከመቀነታቸው አውራ ጣታቸውን አወጡ፣ ቀለሙ ውስጥ ድፍት አደረጉት፣ ለምስክር የተተወውን ባዶ ቦታ አለፉና ልክ ፊርማው ላይ ደፈጠጡት።