ቀንድም ጥፍርም የሌላት አህያ

አንድ ጊዜ አራዊት ሁሉ በሚጠጡበት ምንጭ አጠገብ አንዲት አህያ ትኖር ነበር። ክረምት በወጣ ቁጥር የውሃ ተራ የሚያስይዝ የምንጭ አለቃ ይመረጣል። ባለቀንዶች ሜዳው ላይ ለብቻቸው ተሰብስበው አንድ እጩ ያቀርባሉ፤ ባለጥፍሮችም ዋሻቸው ውስጥ አንድ ያቀርባሉ። አህያ ቀንድም ጥፍርም ስለሌላት ከሁለቱም ደጃፍ ትመለሳለች። በመጨረሻ ከሚወጋና ከሚቦጭቅ አንዱን ምረጪ ትባላለች። ማንም ቢያሸንፍ ለእሷ የሚተርፋት ጭቃው ነበር።

በዚያ ዓመት እመት ጦጣ ከዛፍ ላይ ሆና ተናገረች። «በየጎራችን ስንመርጥ የሚመጣብን ተደባዳቢ ብቻ ነው፤ ይቅርብን። መሾም የፈለገ ሁሉ ምንጩ ዳር ይቁም። የየትኛውም ወገን ብንሆን፣ ሁላችንም ለወደድነው አንድ አንድ ጠጠር እንጣል። ብዙ ጠጠር ያገኙት ሁለቱ ያልፋሉ፤ ከሁለቱ አንዱን ደግሞ በነጋታው እንመርጣለን።»

«እኔም ከመጀመሪያው እጥላለሁ ማለት ነው?» አለች አህያ ጆሮዋን ቀጥ አድርጋ።

«አንቺም።»

ቀበሮ ከነብር ጋር ለመወዳደር ቆማ ነበርና የነብርን ጠጠር እንዲሻማላት ወደ ጅብ ጠጋ አለች። «አያ ጅቦ፣ ለምን አይቆሙም? አለቃ ቢሆኑ እኮ ሊጠጣ የሚመጣው ሁሉ በአፍንጫዎ ስር ነው የሚያልፈው።»

ጅብ ምራቁን ውጦ ቆመ። የባለጥፍሮች ጠጠር ሦስት ቦታ ተበታተነ። ከባለቀንዶች የቆሙት ግን ጎሽና ድኩላ ብቻ ስለነበሩ ያለፉት ሁለቱ እነሱ ሆኑ።

«እንግዲህ ምርጫው ለእኛ አለቀ» ብሎ ጅብ አጉረመረመ።

ጎሽም እንደዚያው መስሎት «ባለቀንድ ሁሉ የእኔ ነው» ብሎ ሜዳው ላይ ተጋደመ። ድኩላ ግን ነብር ዋሻ ድረስ ሄደ። «አያ ነብሮ፣ መቼ መጠጣት ይመችዎታል?» ሲል ጠየቀ። ከዚያ ወደ አህያ መጣ።

«ለእርስዎስ፣ እመት አህያ?»

አህያን እንዲህ ብሎ የጠየቃት እስከዚያ ቀን አልነበረም። «ጠዋት፤ ውሃው ሳይደፈርስ» አለች ቀስ ብላ።

«ተራ ይወጣልዎታል።»

በነጋታው የባለቀንዶች ጠጠር ለሁለት ተከፈለ። የነብርና የዘመዶቹ፣ የአህያም ጠጠር ድኩላ እግር ስር ወደቀ። ጅብ ተናዶ ጠጠሩን ዋጠው። ድኩላ አሸነፈ። አህያም ጎሽና ነብር ተራቸውን ቆመው እየጠበቁ፣ የጠራውን ውሃ እስክትጠግብ ጠጣች።

ከዚህ የምንማረው የማጣሪያው ምርጫ ለሁሉም ሲከፈት፣ መሾም የሚሻ ሁሉ ከወገኑ አልፎ የጎረቤቱንም ደጅ ማንኳኳት እንዳለበት ነው።