ያልተጎበኙት ቤቶች

በአንድ ወቅት፣ ወንዝ በሚለያቸው በላይ ዋርካና በታች ዋርካ ቀበሌዎች መካከል፣ የሕፃናት ጎብኚ ለማን ይላክ ተብሎ ዕጣ ተጣለ። ዕጣው ለላይ ዋርካ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ደብሪቱ የምትባል ሠራተኛ የላይ ዋርካን ሕፃናት በየቤታቸው እየጎበኘች፣ እናቶች ከልጆቻቸው ጋር እንዴት እንደሚያወሩና እንደሚጫወቱ ታሳይ ጀመር። ታች ዋርካ ግን ማወዳደሪያ ሆኖ ሁለት ዓመት ያለ ጎብኚ እንዲቆይ ተወሰነ። ከዚያ የሁለቱም ልጆች ይመዘናሉ፤ የላይኞቹ በልጠው ከተገኙ ሥራው ለአርባ ቀበሌ ይዳረሳል፣ ካልበለጡ ይዘጋል።

እንዲመዝን የተላከው ይርዳው ነበር። ይርዳው «ያልጠረጠረ ተመነጠረ»ን እንደ ውዳሴ ማርያም የሚደግም ሰው ነው። ሕፃን ከመመዘኑ በፊት ሚዛኑ እንዳይዋሸው ራሱ ይወጣበታል። እናት «ልጄ ሃያ ቃል ያውቃል» ካለችው፣ ሃያውንም በጆሮው ሳይሰማ አይጽፍም። ሰው ይሰለቸው ነበር፤ ውሸት ጻፈ ብሎ ያማው ግን የለም።

መዘነ፣ ደመረ፤ ልዩነት ጠፋ። የታች ዋርካ ልጆች እንደ ላይኞቹ አፋቸውን ፈትተዋል፤ አንዳንዶቹማ ይበልጧቸዋል። ይርዳው ነገሩ አልጥም አለው። ቅጾቹን መልሶ ቢያገላብጥ፣ «ቤታችሁ ጎብኚ መጥቶ ያውቃል?» ለሚለው ጥያቄ ሃያ ስድስቱም የታች ዋርካ እናቶች «ኧረ ማንም አልመጣ» ብለዋል፤ ያው ቃል፣ ከነ«ኧረ»ው። ሃያ ስድስት ሰው በአንድ ቃል የተናገረው መክሮ ነው ብሎ እንደገና ወንዙን ተሻገረ።

መጀመሪያ የገባው ውድነሽ የምትባል እናት ቤት ነበር። እሷ ማንም እንዳልመጣ እየማለች ሳለ፣ ሦስት ዓመት ያልሞላት ልጇ አልጋ ሥር ገብታ መጫወቻ አወጣች፤ የተቆራረጠ የበቆሎ ቆረቆንዳ፣ ግማሹ በከሰል ግማሹ በቀይ አፈር ተቀብቶ በገመድ የተሰካ። ይርዳው ይህንን መጫወቻ ላይ ዋርካ በየቤቱ አይቶታል። ማን እንደ ሠራላት ጠየቃት።

«እትዬ ደብሪቱ» አለች ልጅቱ።

ውድነሽ አንገቷን ደፋች።

ደብሪቱ ተጠርታ ስትጠየቅ አልካደችም። ታች ዋርካን ላትረግጥ ፈርማ ነበር። ግን ውድነሽ ገበያ ላይ አግኝታት «ልጄ እስካሁን እማ አትለኝም። ዕጣ አልወጣላትም ብለሽ ትተያት?» ብትላት፣ በማግሥቱ ተሻገረች። በአንድ ቤት ጀምራ፣ በእረፍት ቀኖቿ ሃያ ስድስቱንም አዳረሰች።

ውድነሽ ደግሞ ቤት ለቤት ዞራ ሴቶቹን አስምላለች። ውለታ የዋለችልንን ሴት እንጀራዋን እንዳናሳጣት፣ ጠያቂ ሲመጣ ማንም አልመጣም በሉ ብላ። ሥራው በተጀመረ በዓመቱ ሌላ መዝጋቢ መጥቶ ሲጠይቅም ይህንኑ አሉ። ያኔ እውነቱ ተነግሮ ቢሆን፣ በታች ዋርካ ምትክ ሌላ ቀበሌ ተመርጦ ማወዳደሪያ ይሆን ነበር። እነሱ ይህንን ከየት ይወቁት?

ይርዳው ወረቀቱን አውጥቶ ተቀመጠ። ውድነሽ አጠገቡ ቆመች።

«ልጆቹ ሲያወሩ በጆሮዎ ሰምተዋል። ጠቀማቸው ብለው ቢጽፉ ምን አለበት?»

«ደብሪቱ ባትመጣም ያወሩ እንደሆነስ? በምን አውቃለሁ?»

«እኔ እናቷ አውቃለሁ።»

ይርዳው ሴትዮዋን አምኗታል። ቅጹ ላይ ግን የእናት እምነት የሚጻፍበት ቦታ አልነበረም። ያገኘውን ሁሉ፣ ማን ወንዝ እንደ ተሻገረ፣ ማን እንዳስማለ፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ ጻፈ።

ደብሪቱ ከሥራ ተሰናበተች። ሥራውን በገንዘብ የሚደግፉት ሰዎች፣ ጥቅሙ አልተረጋገጠም፣ ሌላ ሁለት ዓመትም አንጠብቅም ብለው ሄዱ። አርባው ቀበሌ ጎብኚ ሳያይ ቀረ። ይርዳው ከዚያ ወዲያ የሚጠረጥረው አንድ ሰው ተጨመረበት፤ ራሱን። እውነት ይዞኝ ነው የጻፍኩት ወይስ ስለ ተታለልኩ ተናድጄ? ይላል፤ መልሱን ግን አያምነውም።

እንግዲህ ሰሚዎች ፍረዱ። ደብሪቱ አንዲት ልጅ አሳዝናት ፊርማዋን አፈረሰች። ውድነሽ ውለታ ከፋይ ሆና ሃያ ስድስት ቤት አስዋሸች። ይርዳው ያመነውን ትቶ ያረጋገጠውን ብቻ ጻፈ። በዚያ በአርባው ቀበሌ፣ ዛሬም እማ የሚል ቃል ከልጇ አፍ የምትጠብቅ እናት አለች። እሷ በማን ትዘን?