ሪባኑ ያልተቆረጠለት ሮቦት

ይቺ ተረት ከትምህርት ቤታችን ንብረት ክፍል አምልጣ የወጣች ናት፤ ከዚያ ክፍል የሚወጣ ነገር ብርቅ ነውና ስሙልኝ።

የትናየት የምትባል የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ከተጣለ ቴፕ ሞተር ፈትታ መኪና የምትሠራ። ለትምህርት ቤቱ በእርዳታ ያልተገጣጠመ ሮቦት በካርቶን መጣና ቡድን ሊመረጥ ነው ሲባል አንድ ነገር ብቻ ፈለገች፤ ተመርጣ ሮቦቱን በእጇ መገጣጠም። ለከርሞ ሌላ ትምህርት ቤት ትገባለች፤ ዘንድሮ ካልሆነ አበቃ።

ወደ ሳይንስ አስተማሪዋ ሄደች። "ቲቸር ደጀኔ፣ ይምረጡኝ፤ ካልመረጡኝ አልገጣጥምም።"

"ስትገጣጥሚ ሳላይ እንዴት ልምረጥሽ? ካርቶኑ ደግሞ ንብረት ክፍል ተቆልፎበታል።"

ወደ ንብረት ክፍል ሠራተኛዋ ሄደች። "እትዬ ዘቢደር፣ ይክፈቱልኝ፤ ካልከፈቱ ቲቸር አይመርጡም፣ ቲቸር ካልመረጡ እኔ አልገጣጥምም።"

"ውይ ልጄ! አንዲት ብሎን ብትጠፋ ተጠያቂዋ እኔ! ዳይሬክተሩ ይዘዙኝ።"

ወደ ዳይሬክተሩ ሄደች። "ጋሼ፣ ይዘዙልኝ፤ ካላዘዙ እትዬ ዘቢደር አይከፍቱም፣ እሳቸው ካልከፈቱ ቲቸር አይመርጡም፣ ቲቸር ካልመረጡ እኔ አልገጣጥምም።"

"ኮሚቴው ሳይሰበሰብ? እኔ ልጆች አሉኝ!" እሷ የማን ልጅ እንደሆነች እንጃ።

ወደ ኮሚቴው ሰብሳቢ ወደ አቶ ወልደሰንበት ሄደች። "አባባ፣ ይሰብስቡልኝ፤ ኮሚቴው ካልተሰበሰበ ዳይሬክተሩ አያዙም፣ እሳቸው ካላዘዙ እትዬ ዘቢደር አይከፍቱም፣ እሳቸው ካልከፈቱ ቲቸር አይመርጡም፣ ቲቸር ካልመረጡ እኔ አልገጣጥምም።"

"ያልተመረቀ ዕቃ ላይ ምን ብለን እንሰበሰባለን? መጀመሪያ የወረዳው ኃላፊ ሪባን ይቁረጡ።"

ሞተር የምትፈታዋ ልጅ እግሯ እስኪነቃ ተጉዛ ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ደረሰች። "ጋሼ፣ ሪባን ይቁረጡልን፤ ሪባኑ ካልተቆረጠ ኮሚቴው አይሰበሰብም፣ ኮሚቴው ካልተሰበሰበ ዳይሬክተሩ አያዙም፣ እሳቸው ካላዘዙ እትዬ ዘቢደር አይከፍቱም፣ እሳቸው ካልከፈቱ ቲቸር አይመርጡም፣ ቲቸር ካልመረጡ እኔ አልገጣጥምም።"

"እንግዳ በሌለበት ለማን ብዬ ልቁረጥ?" አሉ ኃላፊው። ሲያናድዱ!

ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ትምህርት ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ከክልል እንግዶች መጡ። ያኔ ምን ጠፍቶ! ኃላፊው ሪባን ቆረጡ፣ ኮሚቴው እንደቆመ ተሰበሰበ፣ ዳይሬክተሩ አዘዙ፣ እትዬ ዘቢደር ክፍሉን ከፈቱ፣ ቲቸር ደጀኔም "አንቺ፣ አንተ፣ አንቺ" ብለው መረጡ። ማንም አልተፈተነም። የመጀመሪያዋ "አንቺ" የትናየት ነበረች። ደስታዋን ብታዩ!

እጇን ወደ ካርቶኑ ስትሰድ እትዬ ዘቢደር ጮኹ፤ "ላስቲኩን እንዳትነኪ!" ፎቶ ተነሱ፣ ተጨበጨበ፣ እንግዶቹ ለምሳ ሄዱ። ካርቶኑ ተመልሶ ተቆለፈበት፤ የተመረቀ ንብረት ነዋ፣ ይበላሻል።

"ቲቸር፣ መቼ ነው የምንገጣጥመው?" አለች።

"ተመርጠሻል አይደል እንዴ?" አሉ ቲቸር ደጀኔ፣ ከልባቸው ተገርመው። "ሌላ ምን ፈለግሽ?"