ደጅ ለቀቅ

ከጨለቅ ወንዝ ማዶ፣ ወደ ቆላ ከሚያዘቀዝቀው ቁልቁለት ጫፍ ላይ ደጅ ለቀቅ የምትባል አንዲት ሜዳ አለች። ዛሬ ቤትም አጥርም የለባትም፤ ሣር ብቻ ናት። የዚያ አገር ልጅ ግን ፊደል ከመቁጠሩ በፊት ወላጁ እጁን ይዞ በየጎረቤቱ ደጅ ሲያዞረው የሚጀምረው ከዚህችው ባዶ ሜዳ ነው። ልማዱን «ደጅ ማሳወቅ» ይሉታል። እንግዳ ሰው ነገሩን የጠየቀ እንደሆነ ሽማግሌዎቹ ቶሎ አይመልሱም፤ ታሪኩ የሚያኮራ አይደለምና።

እንደሚነገረው፣ በዚያ ዘመን አያ ተድባቡ የሚባል ጨዋታ አዋቂ ሰው ነበር። ሚስቱ ሞታበት ሴት ልጁን ጠጂቱን ብቻውን ያሳድግ ስለነበር፣ ልጅም ይወድ ስለነበር፣ የመንደሩ እናቶች ለውሃ ለእንጨት ሲወርዱ ሕፃናታቸውን እሱ ዘንድ ይተዋሉ። እሱም ከቤቱ ፊት ካለው ሾላ ሥር ሰብስቦ መንደራቸውን ያስተምራቸዋል። ያ ጭስ የማን ቤት ጭስ እንደሆነ፣ የማን ውሻ እንደሚናከስ፣ መንገድ የጠፋበት ልጅ የማንን ስም ጠርቶ ማልቀስ እንዳለበት፣ ሁሉን እያዜመ ይነግራቸዋል። የእሱ ተማሪ ጠፍቶ አያውቅም ይባል ነበር።

ከወንዙ ማዶ ደግሞ አንድ ቤት ነበረ፤ የቀጥቃጩ የቸሬና የሚስቱ የእንጉዳይ። የመንደሩ ሰው ማረሻውን በቸሬ ያሠራል፣ የእንጉዳይንም እንስራ ይገዛል፤ ዳሩ ግን ቤታቸው አይገባም፣ ከእጃቸው አይጎርስም፣ ሲሞትባቸውም አይቀብርላቸውም። አያ ተድባቡ ትምህርቱ እዚያ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ ያደርግና፣ «ያ ቤት ጎረቤት አይደለም፤ ዓይናቸው ሰው ይበላል። ሲጠሯችሁ ጆሯችሁን ይዛችሁ ሩጡ» ይላል። ልጆቹ ሲንጫጩ እሱም ደስ ይለውና ይደግምላቸዋል። ክፋት አስቦ አልነበረም ይላሉ፤ አባቱም እንዲሁ ነግሮት ነበር።

አንድ ቀን ጠጂቱ ከእኩዮቿ ጋር አጋም ልትለቅም ወንዙን ተሻገረች። ሰማዩ ሲጠቁር ሌሎቹ ሮጠው ተመለሱ፤ እሷ ግን ወደ ኋላ ቀርታ ኖሮ፣ ደራሽ ጎርፍ መጥቶ ጨለቅን ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላው፤ ወዲያውም በረዶ ይወርድ ጀመር። አያ ተድባቡ ልጆቹ ሲነግሩት እየበረረ ወንዙ ዳር ደረሰ፤ መሻገር ግን የማይታሰብ ነበር። ከማዶ ጠጂቱ በረዶው እየወገራት በሚናደው አፋፍ ላይ ቆማለች። ከኋላዋ የቀጥቃጩ ቤት በሩ ተከፍቷል፤ ከበሩም እንጉዳይ ብቅ ብላ ትጣራለች።

«ነይ ልጄ፣ ግቢ!»

ጠጂቱ ጆሮዋን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ወንዙ አፈገፈገች።

አያ ተድባቡ ያስተማረውን ትምህርት በዓይኑ አየው። «ግቢ! ጠጂቱ፣ ግቢ!» እያለ ጮኸ፤ የወንዙ ጩኸት ግን ቃሉን ዋጠው። ቸሬ ልጅቱን ሊያነሳ ሮጦ ወጣ፤ እሷም አሁንም ወደ ኋላ ስትል ከእግሯ ሥር አፈሩ ተናደ። ያን ጊዜ እንጉዳይ ባሏን በእጇ ከለከለችው። ቀጥሎ የሆነው ለአያ ተድባቡ መጀመሪያ አልገባውም ነበር። እንጉዳይ ተመልሳ ገባች፤ ከዚያም በጨርቅ የተጠቀለለ ሕፃን ታቅፋ፣ ሁለቱን ትልልቅ ልጆቿን አስከትላ ወጣች። አራስ ነበረች። ቤተሰቡ ሁሉ ከደጁ ርቆ፣ ከሜዳው ጫፍ፣ በረዶው እየወረደበት ጀርባውን ለልጅቱ ሰጥቶ ቆመ። ጠጂቱ ባዶውን ቤት አየች፤ እነሱንም አየች፤ ሮጣም ገባች።

በረዶው አባርቶ ወንዙ ሲጎድል አያ ተድባቡ እስከ ደረቱ እየራሰ ተሻገረ። እንጉዳይ ሕፃኑን በገላዋ ከልላ ተቀምጣ ትንቀጠቀጣለች፤ ከንፈሯ ጠቁሯል። መልሱን እያወቀ፣ «ምነው ወጣችሁ?» አለ።

«ልጅቱ እኛን ፈራች፤ ምን እናድርግ፣ ደጁን ለቀቅንላት» አለች። ቀጥላም፣ «ማን እንዳስፈራራት እንጃ። ሕፃን ናትና አይቆጧት።»

«እኔ ነኝ» ማለት ሲገባው፣ እርጥብ ጋቢውን ጨምቆ ሊያለብሳት ቢዘረጋው እንጉዳይ ሸሸት አለችና፣ «ተዉ ጌታዬ፣ ልብስዎ ይረክስብዎታል» አለችው። ይህን ያለችው በነገር ልትወጋው አልነበረም፤ የምታውቀውን መናገሯ ነበር። እሱም ዓይኑን የሚያሳርፍበት አጣ። ቤት ሲገባ ጠጂቱን ከአራሷ መደብ ላይ ተኝታ አገኛት።

እንጉዳይ ከዚያ ወዲያ አልዳነችም። ብርዱ ከአጥንቷ ገብቶ ክረምቱ ሳይወጣ አረፈች፤ ሕፃኑ ተረፈ ይባላል። አያ ተድባቡ በየደጁ እየዞረ «ኑ እንቅበር» ቢል፣ «ምን ነክቶህ ነው?» ያለው ብዙ ነበር። ከቸሬ ጋር ቃሬዛውን ተሸክሞ ሲያልፍ ከአጥር ኋላ የሕፃናት ድምፅ ሰማ፤ ዓይናቸው ሰው ይበላል፣ ዓይናቸው ሰው ይበላል እያሉ ያዜማሉ። ዜማው የራሱ ነበር። የሟቿ ልጆች ከፊት ከፊቱ ይሄዱ ነበርና እነሱም ሰሙት።

ከቀብሩ በኋላ የመንደሩን ልጆች ሰብስቦ «የነገርኳችሁ ውሸት ነው» ቢላቸው አላመኑትም፤ አንዳንዶቹም ሳቁ። በቃል የገባው በቃል እንደማይወጣ ያን ጊዜ ገባው ይላሉ። ስለዚህ ጠጂቱን እጇን ይዞ ቸሬ ቤት ገባ፤ ተቀምጠው ቸሬ ያቀረበላቸውን ንፍሮ በሉ። ለሌሎቹ ልጆች ግን ወላጆቻቸው አልፈቀዱም፤ እናቶችም ልጆቻቸውን እሱ ዘንድ መተው አቆሙ። ሰው ልቡ እየራራ፣ አንድ ሁለት እያለ ልጁን ይዞ መሻገር ሲጀምር ግን ቤቱ ባዶ ሆኖ ተገኘ። ቸሬ ልጆቹን ይዞ ወዴት እንደሄደ የሚያውቅ የለም። አንዳንዱ ወደ ቆላ ወረደ ይላል፤ ሌላው ስም ለውጦ ከሩቅ አገር ገባ ይላል። አያ ተድባቡ ፍለጋ ወጥቶ ሦስት ክረምት ከርሞ ብቻውን እንደተመለሰ፣ ከዚያም በኋላ ከሾላው ሥር ተቀምጦ እንደማያውቅ ይነገራል።

እነሆ ዛሬም ወላጅ ልጁን መጀመሪያ ወደ ሜዳዋ ይወስደውና፣ «እዚህ ቸሬና እንጉዳይ ነበሩ፤ ጎረቤቶቻችን ነበሩ» ይለዋል። ከዚያም በየቤቱ ያዞረዋል። ልጁ ከደጃፍ ሲደርስ ባለቤቶቹ ሁሉ ወጥተው ይቆማሉ፤ እሱ ገብቶ ከመደቡ ላይ ሲቀመጥ ነው ተከትለውት የሚገቡት። አራስ ካለችበት ቤት ሲደርሱ ግን ማንም አይወጣም። እዚያስ ልጁ ነው፣ ዝናብ ቢሆንም፣ ግባ እስኪሉት ደጅ የሚቆመው።