የተሰረዙ ፎቶዎች የያዙት ቦታ

አንድ ፎቶ አንሺ ነበረ። ስንዱ፣ «ስፌት ቤቱን ለልጄ ለቅቄላት ሳለ ለምን እንደ ተቀጣሪ እጇን አጣጥፋ ትጠብቃለች?» ብለሽ ከጠየቅሽኝ ወዲህ ይሄ ሰው ከአእምሮዬ አልወጣም፤ ስለዚህ መጀመሪያ የእሱን ስሚ።

ሰውየው ከሚስቱ ጋር የሚሠራ፣ ሠርግ በማንሳት የታወቀ ነበር። እሱ ያነሳል፣ እሷ ላፕቶፑ ላይ መርጣና አሳምራ አልበም ታደርጋለች። እጁ ጥሩ ነው፤ ክፉ አመሉ ያነሳውን ሁሉ ማስቀመጡ ነበር። ዓይኗን የጨፈነች ሚዜ፣ ጭንቅላቱ የተቆረጠ አማች፣ ደጋግሞ የተነሳ አንድ ኬክ፣ ሙሽሮቹ አልበማቸውን ወስደው ልጅ ወልደው ካሳደጉ የቆዩበት የድሮ ሠርግ ሳይቀር እዚያው ተከማችቷል። ተጨማሪ ማስቀመጫ ገዛ፤ እሱንም ሞላው።

አንድ ቀን ላፕቶፑ አልቀበልም አለ። አዲስ ሥራ ከካሜራው ካርድ ሊገለብጥ ሲል «ቦታ የለም» የሚል ጽሑፍ ወጣበት። ሚስቱ አሮጌውን እንዲያጠፋ ለመነችው። እያጉረመረመ ተቀመጠ፣ የስንት ዓመት ሠርግ ሰረዘ፣ እንደገና ሞከረ። ቦታ የለም። ላፕቶፑን የሸጠለትን ሰው ሰደበ፣ ቫይረስ ገብቶበታል አለ፣ አጠፋው፣ አበራው፣ ክዳኑን በጥፊ መታው። ቦታ የለም።

ላፕቶፕ ላይ የሰረዝሽው ፎቶ ወዲያው አይጠፋም፣ ስንዱ። የቅርጫት ሥዕል ያለበት ቦታ አለ፤ ወደዚያ ይሄዳል። ከዓይን ይርቃል እንጂ ይዞት የነበረውን ቦታ እንደያዘ ነው። ቦታው የሚለቀቀው ቅርጫቱ ራሱ ሲደፋ ነው። ሰውየው ይህን የማያውቅ እንዳይመስልሽ። አሳምሮ ያውቃል። ቅርጫቱን ሊደፋ ሲል ማሽኑ «ለዘለቄታው ይጥፉ?» ብሎ ይጠይቀዋል፤ እሱም እዚያ ላይ ሲደርስ ጣቱን ይሰበስባል። ነገ አንዱ መጥቶ ቢጠይቀኝስ? ከመካከላቸው አንድ ጥሩ ቢኖርስ? እያለ «አይ» የሚለውን ይጫናል። ከዚያ ተመልሶ ላፕቶፑን ይሰድባል።

«አጥፍቼዋለሁ እኮ፣ ሌላ ምን ላድርግ?» አላት ሚስቱን።

«ከቤት አወጣሃቸው እንጂ ከግቢ አላስወጣሃቸውም» አለችው። «ወይ ድፋው፣ ወይ ሥራ አልቀበልም በል። እኔ ደከመኝ።»

ነገ አደርገዋለሁ ብሎ ተወው። በማግስቱ ጠዋት ሠርግ ነበረበት፤ ያንኑ ባለፈው ሥራ የተያዘ ካርድ ካሜራው ውስጥ እንዳለ ይዞ ወጣ።

የሙሽራዋ አባት ታመው አልጋ ከያዙ ቆይተዋል። ለዚያች ጠዋት ብቻ በልጆቻቸው ተደግፈው ሳሎን ወጡና ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሙሽራዋ ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ ስትል፣ እጃቸውን አንስተው ራሷ ላይ አኖሩና መመረቅ ጀመሩ። ፎቶ አንሺው ዓይኑን ካሜራው ላይ ተክሎ ቢጫን ካሜራው ዝም አለ። ካርዱ ሞልቷል። አንገቱን ደፍቶ ካሉት ውስጥ ሊያጠፋ ጀመረ። የትኛውን? ይሄኛው የሰው ሥራ ነው፣ ገና አልተገለበጠም። ያኛው አሁን የተነሳ ነው፤ ደብዛዛ ቢሆንም ምናልባት ይፈለግ ይሆናል። ላብ አጠመቀው። ጣቱ ወዲያና ወዲህ ሲል ቤቱ በሙሉ «አሜን» አለ። ቀና ሲል ሙሽራዋ እንባዋን እየጠረገች ነበር፤ ወንበሩ ባዶ ነው። እባካችሁ አንዴ ይመለሱልኝ ብሎ ወንድሟን ለመነ። ወንድምየው አባታችን ደክሟል አለና የመኝታ ቤቱን በር ዘጋ። በስልካቸው ያነሱ ዘመዶች ነበሩ፤ በሁሉም ስልክ ላይ የሚታየው የሰው ጀርባ ነው።

ይህም ሆኖ ቅርጫቱን አልደፋም። ሚስቱ ከጓደኛዋ ላፕቶፕ ተውሳ አልበሙን ሠራች።

ሙሽራዋ አልበሟን ልትወስድ ስትመጣ ጥቁር ለብሳ ነበር። ገጹን እስከ መጨረሻው ገለጠች፣ ተመልሳ ከመጀመሪያው ገለጠች።

«አባዬ ሲመርቀኝ ያለው የታል?» አለች።

ካርዱ ሞልቶ እንደነበር ነገራት። አልተቆጣችም። አልበሙን ዘጋችው፤ ጠረጴዛው ላይ ትታው ወጣች።

ሚስቱ ላፕቶፑ ፊት ካለው ወንበር ተነስታ ለቀቀችለት። ተቀመጠ፣ ቅርጫቱን ከፈተ፣ ማሽኑ ሲጠይቀው «አዎ» የሚለውን ተጫነ። ቦታው ወዲያው ተለቀቀ። ያን ጊዜ ነው ይበልጥ የተናደደው፤ ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ነበርና። ከደፋው ሁሉ አንዱንም እስከ ዛሬ መጥቶ የጠየቀው የለም።

አሁን ወዳንቺ ልምጣ። ስፌት ቤቱን ለቀቅሁላት ትያለሽ። ጠዋት ቀድማ የምትከፍተው ማን ናት? አንቺ። ደንበኛ ሲገባ ሜትሩን ከልጅሽ አንገት ላይ አውርደሽ የምትለኪው አንቺ ነሽ። እሷ የቆረጠችውን ጨርቅ አንስተሽ በመስኮቱ ብርሃን ታዪዋለሽ፣ ከንፈርሽን ትመጥጫለሽ፣ መልሰሽ ታስቀምጪዋለሽ። ለምን ብልሽ፣ ብትሳሳትስ አልሽኝ። ትሳሳት! አንድ ቀሚስ ታበላሽና የቀሚሱን ባለቤት ራሷ ይቅርታ ትጠይቅ። አንቺ ከፊት ወንበር ተነስተሽ ጥግ ላይ ተቀመጥሽ እንጂ አልለቀቅሽም። ልጅሽ ሰነፍ አይደለችም፣ ስንዱ፤ የምትቆምበት ቦታ ነው ያጣችው። ይህን ጥያቄ ደጋግመሽ ስታመጪልኝ እኔም ሰልችቶኛል። በእውነት ከለቀቅሽ ቁልፉን ከቦርሳሽ አውጥተሽ እዚህ አስቀምጪው፤ ለልጅሽ እኔ አደርስላታለሁ።