ጎላው እንዴት መኪና ላይ ወጣ

ተረት አምጪ አላችሁኝ? ጆሮ ስጡኝና አፍ ልስጣችሁ። ሩቅ አገር አልወስዳችሁም፤ ከደብረ ብርሃን ተነስተን ሸዋ ሮቢት እንገባለን። ያውም መኪናይቱ እሺ ካለች ነው።

ዘርፌ የምትባል ሴት ነበረች። እህቷ የውብዳር ሸዋ ሮቢት ተድራ፣ ዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ አጥታ ኖረች። ዘርፌም አንድ ቀን ተንበርክካ፣ «ኪዳነ ምሕረት ሆይ፣ ለእህቴ ልጅ ብትሰጪያት፣ ሸዋ ሮቢት በደጅሽ ለሚቀመጡት ነዳያን ንፍሮ የሚቀቀልበት ጎላ አመጣልሻለሁ» ብላ ተሳለች። እመቤታችን ሰማቻት፤ የውብዳር ሴት ልጅ ወለደች። ነገ እሑድ ሕፃኗ ሰማንያ ቀን ይሞላታል፣ ክርስትና ትነሳለች። ጎላውም ተገዝቷል፤ ጆሮው ሁለት፣ ሆዱ አንድ፣ ልጅ ቢተኛበት የማይጠበው።

ዘርፌ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ለጎላው ቦታ።

ቦታ ግን ከየት ይምጣ? የባሏ የደምሰው መኪና ትንሽ ናት፣ ያውም አሮጊት። ዘርፌ ደግሞ እንቢ ማለት አታውቅም። ሸዋ ሮቢት ልትሄድ ነው ሲባል ጎረቤቱ ሁሉ አደራውን ይዞ መጣ። አንዷ ለልጇ ሽሮ፣ አንዱ ለወንድሙ ጫማ፣ ሌላዋ ለአማቷ ተልባ። የኋላው እቃ መጫኛ ሞላ፣ ከወንበር ሥር ሞላ። ደምሰው ቅዳሜ ጠዋት ይህን አየና መሪውን በጥፊ መታው።

«አንቺ ሴት! ከእንግዲህ አንዲት አደራ ብትቀበይ እኔ ወርጄ በእግሬ ነው የምሄደው!»

ልክ በዚህ ጊዜ ጎማ የሚጠግነው ጎሚስታው በዛብህ አንዲት ጥቅል በብብቱ ይዞ ከማዶ መጣ። ዘርፌ አፉን እስኪከፍት አልጠበቀችም።

«ሞልቷል በዛብህ» አለችው።

እሱም ጥቅሏን እንደያዘ ተመለሰ።

ቀጥሎ ጎላው ተነሳ፤ በኋላ አልገባ፣ በጎን አልገባ። የቀረው ከዘርፌ ሁለት ልጆች አጠገብ አንድ ወንበር ብቻ ነው። እሱ ደግሞ የዘርፌ እናት የእማማ ስህን ወንበር ነው።

«እንግዲህ ወይ ጎላው፣ ወይ እናትሽ» አለ ደምሰው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ጣርማ በርን ደግሞ ጭጋግ ሳይይዘው ማለፍ አለብን።»

እማማ ስህን ከማለዳ ጀምረው ነጠላቸውን አጣፍተው ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። «ስለት ይቅደም ልጄ» አሉ። «የልጅ ልጄን እግዜር ካለ ሌላ ቀን አያታለሁ።»

ሰማንያ ዓመት ያለፈው ሰው «ሌላ ቀን» ሲል እንዴት ያስችላል? ዘርፌ ሮጣ መኪናይቱ ፊት ቆመች።

«መኪናዬ፣ መኪናዬ፣ ጎላውን እዘይልኝ፣ እናቴ ከበርጩማው ትነሳ።»

«ሆዴ ሞልቷል» አለች መኪናይቱ። «በጀርባዬ ላዝለው እችላለሁ፤ ጀርባዬ ግን ያንሸራትታል። ፖርቶ መጋላ አምጪልኝ።»

ፖርቶ መጋላ መኪና አናት ላይ የሚታሰር፣ እቃ የሚጫንበት የብረት ርብራብ ነው። አዲስ እንዳትገዛ ዋጋው አይቀመስም። ጎላውን ብቻ በጭነት መኪና እንዳትልክ ኪራዩ ከጎላው ይብሳል። ግን የድሮው ባለታክሲ ጋሼ ሙላት ጓሮ አንድ እንዳለ ታውቃለች። ነጠላዋን በወገቧ አሰረችና ሄደች።

«ፖርቶ መጋላ፣ ፖርቶ መጋላ፣ ተነስና መኪናይቱ ላይ ውጣ። መኪናይቱ ጎላውን አታዝልም፣ እናቴም ከበርጩማው አትነሳም።»

«እኔ ምን ከፋኝ» አለ ፖርቶ መጋላው። «ታክሲዋ ከተሸጠች ወዲህ አገር አላየሁም። ግን አናቴን እዪው፤ ዶሮ ታቅፋብኛለች።»

እውነትም ቀይ ዶሮ ብረቱ ላይ ገለባ አንጥፋ፣ እንደ እመቤት ተዘርግታለች። ጋሼ ሙላት ከደጃፋቸው ሆነው ሳቁ። «ልጄ ዘርፌ፣ እሷን ማስነሳት ከቻልሽ ብረቱን በነፃ ውሰጂው። እኔን ሁለቴ ነክሳኛለች።»

«ዶሮዬ፣ ዶሮዬ፣ ከፖርቶ መጋላው ተነሺ። ፖርቶ መጋላው መኪናይቱ ላይ አይወጣም፣ መኪናይቱ ጎላውን አታዝልም፣ እናቴም ከበርጩማው አትነሳም።»

«ዐሥራ አንድ እንቁላል ታቅፌ?» አለች ዶሮዋ ላባዋን ነፍታ። «አንቺም የወለድሽ ሴት ነሽ፤ ቢሆንብሽ ትነሺ ነበር? ሰፊ ቅርጫት አምጪ፣ ከነገለባዬ፣ ከነእንቁላሌ አዛውሪኝ።»

ይህ ደግሞ ፍርድ ነው፤ ዘርፌ አልተቆጣቻትም። ሰፊ ቅርጫት ያለው እትዬ አስካለ ቤት ነው። አቡነ ዘበሰማያትን በልቧ እየደገመች አጥሩን ዞራ ገባች።

«ቅርጫቴ፣ ቅርጫቴ፣ ዶሮዋን ተቀበላት። ዶሮዋ ከፖርቶ መጋላው አትነሳም፣ ፖርቶ መጋላው መኪናይቱ ላይ አይወጣም፣ መኪናይቱ ጎላውን አታዝልም፣ እናቴም ከበርጩማው አትነሳም።»

«እስከ አፌ በርበሬ ሞልቶኛል» አለ ቅርጫቱ። «መያዣ ማዳበሪያ አምጪና ገልብጪኝ።»

«አደራሽን፣ መሬት ላይ እንዳታፈሺብኝ!» አሉ እትዬ አስካለ። «ደግሞ አራግፈሽ ውሰጂው። ዶሮ ስታነጥስ ሰምተሽ ታውቂያለሽ? እኔም አልሰማሁም፤ መስማትም አልፈልግ።»

ማዳበሪያ የማይጠፋው ወፍጮ ቤት ነው። ዘርፌ ደረሰች፤ ሰው ሁሉ እህሉን በየማዳበሪያው ይዞ ወረፋ ይጠብቃል። ባለቤት የሌለው ማዳበሪያ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም መስተዋቱ በወደቀ መስኮት ውስጥ ተወትፏል።

«ማዳበሪያ፣ ማዳበሪያ፣ በርበሬውን ያዝልኝ። ቅርጫቱ ዶሮዋን አይቀበልም፣ ዶሮዋ ከፖርቶ መጋላው አትነሳም፣ ፖርቶ መጋላው መኪናይቱ ላይ አይወጣም፣ መኪናይቱ ጎላውን አታዝልም፣ እናቴም ከበርጩማው አትነሳም።»

«እኔ ከወጣሁ ነፋሱ ይገባል፣ ነፋሱ ከገባ ዱቄቱ ይበተናል» አለ ማዳበሪያው። «ይህን መስኮት የሚሸፍን ጎማ ነገር አምጪ።»

ባለወፍጮው ከቅንድቡ ዱቄት እየጠረገ፣ «እውነቱን ነው እህቴ» አለ። «ጎሚስታው ዘንድ የከባድ መኪና አሮጌ ካላማዳሪያ አይጠፋም። ያ ጎማ ውስጥ አየር የሚሞላው፣ እሱን ቀዶ ቢሰጥሽ መስኮቴም ይዘጋል፣ አንቺም ማዳበሪያሽን ትወስጃለሽ።»

ጎሚስታው። ሰፈሩ ውስጥ ሌላ ጎሚስታ ቢኖር ዘርፌ እስከ ጫፍ ትሄድ ነበር። የለም። መንገዱ አምሳ እርምጃ ነው፤ አምስት መቶ ሆነባት።

በዛብህ ጎማ እየነቀለ ነበር። ጥቅሏ ከኋላው ምስማር ላይ ተሰቅላለች። ዘርፌ ቀና ብላ ሳታየው ጀመረች።

«ወንድሜ በዛብህ፣ ካላማዳሪያ ስጠኝ። ማዳበሪያው ከመስኮቱ አይወጣም፣ ቅርጫቱ ዶሮዋን አይቀበልም፣ ዶሮዋ ከፖርቶ መጋላው አትነሳም፣ ፖርቶ መጋላው መኪናይቱ ላይ አይወጣም፣ መኪናይቱ ጎላውን አታዝልም፣ እናቴም… እናቴም ከበርጩማው አትነሳም።»

በዛብህ መፍቻውን አስቀመጠ።

«የኔም እናት ደብረ ሲና ከደጃፏ አትነሳም» አለ። «መንገደኛ በመጣ ቁጥር ‹ልጄ የላከው አለ?› ትላለች አሉ። አንድ ጋቢ ነው እትዬ ዘርፌ፣ ብርዱ አስቸግሯት። ትናንት ሁለት መኪና ሞልቷል አለኝ። ሦስተኛዋ አንቺ ነሽ።»

ዘርፌ አሁን ገባት። ከጠዋት ጀምሮ ሁሉም «ሞልቷል» ያላት እሷ ራሷ ካለች በኋላ ነው።

«ይቅር በለኝ ወንድሜ» አለች። «ቦታ አጥቼ ነው። ጎላው ራሱ ውጪ ቀርቷል።»

«ጎላው?» አለ በዛብህ። «ውስጡ ምን አለ?»

«ምንም የለውም፤ ባዶ ነው።»

«ጉድ በል! ያን የሚያህል ባዶ ሆድ ደጃፍሽ አስቀምጠሽ ነው ሞልቷል ያልሽኝ?»

ዘርፌ አፏን ያዘች። ከዚያ ሳቀች። ጋቢውን ከምስማሩ ላይ አውርዳ ደረቷ ላይ አቀፈችው፤ «ስጠኝ! ይህ መጀመሪያ ይገባል!»

በዛብህም ተነሳ፤ አሮጌውን ካላማዳሪያ ከሁለት ቀደደው፤ አንዱን ለመስኮቱ፣ አንዱን እንደ ጠፍር ሸንትሮ ለማሰሪያ። አሁን እዩልኝ! ካላማዳሪያው መስኮቱን ሸፈነ፣ ማዳበሪያው ከመስኮቱ ወጣ፣ በርበሬው ማዳበሪያው ውስጥ ገባ፣ ቅርጫቱ ተራግፎ ገለባ ለበሰ፣ ጋሼ ሙላት በኩታቸው ዓይኗን ሸፍነው ዶሮዋን ከነዐሥራ አንድ እንቁላሏ አዛወሯት (ሦስተኛ ጊዜም ነከሰቻቸው)፣ ፖርቶ መጋላው መኪናይቱ ላይ ወጣ፣ መኪናይቱም ጎላውን አዘለች!

ጋቢው ጎላው ውስጥ ከታች ተነጠፈ። በላዩ ተልባው፣ ሽሮው፣ ጫማው፣ ከወንበር ሥር የነበረው ሁሉ ተደረደረ። ክዳኑ ተገጠመ። በዛብህ በጎማ ጠፍሩ ከጆሮ ወደ ብረት፣ ከብረት ወደ ጆሮ ስቦ አሰረው፤ ሲስቡት የሚለጠጥ፣ ሲለቁት የሚያንቅ ማሰሪያ ነው፣ ገመድ መግዛት ቀረ። ለአራቱም ጎማ አየር ጨመረ። «ቁልቁለቱን ቀስ» አለው ደምሰውን።

መኪናይቱ አንዴ አቃሰተች፣ ግን አላጉረመረመችም። ሆዷ ቀሎላታል።

እማማ ስህንም ከበርጩማው ተነሱ። ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ፤ እግራቸውን ዘረጉ፤ «ይሄ ሁሉ ቦታ ከየት መጣ?» አሉ።

ጣርማ በርን ጭጋግ ሳይይዘው አለፉ። ደብረ ሲና አንዲት አሮጊት ከደጃፏ ተነስታ እስከ መኪናው መጣች። ጋቢው ጎላው ውስጥ ከታች ነበርና ሌላው ሁሉ መንገድ ዳር ወጥቶ ተመልሶ ገባ፤ አውራጁም ጫኙም ደምሰው ራሱ ነበር። አሮጊቷ ጋቢውን እንኳ ሳትፈታ አሸተተችው። «የልጄ ነው፣ ጎማ ጎማ ይላል» ብላ አለቀሰች፣ መረቀቻቸውም።

እሑድ ሕፃኗ ተጠመቀች፤ እማማ ስህን በጭናቸው አቀፏት። በኪዳነ ምሕረት ደጅ ጎላው ለመጀመሪያ ጊዜ እሳት ላይ ተጣደ። ንፍሮው ፈላ፣ ነዳያኑ ጠገቡ፣ ዘርፌ መሬት ሳመች።

ሰኞ ሲመለሱ የየውብዳር ጎረቤት ሴት አንድ የሸንኮራ አገዳ እስር አንግታ እየሮጠች መጣች። «ወደ ደብረ ብርሃን ናችሁ አሉ! ትንሽ አደራ ነበረችኝ፤ ሞልቷል እንዴ?»

ደምሰው ዘርፌን አየ። ዘርፌ ወደ መኪናው አናት ቀና አለች። ጎላው ለኪዳነ ምሕረት ቀርቷል፤ ፖርቶ መጋላውም የኋላውም እነየውብዳር በላኩት ማንጎ ተሞልቷል።

ከኋላው ወንበር እማማ ስህን መስኮቱን ዝቅ አደረጉ።

«ጭኔ ባዶ ነው» አሉ፤ «አምጪው ልጄ።»

እኔም ተረቴን ከጎላው እስከዚህ ጨለፍኩላችሁ፤ ማንኪያው እናንተ ጋ ነው።