ላስቲኩ ያልተነሳለት ሶፋ

አንድ ዩኒቨርሲቲ ነበር፤ ስሙ ይቅርብን፣ ቢነገርም ለጠብ ካልሆነ አይጠቅምም። በዚህ ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር ውስጥ የውብዳር የምትባል ሠራተኛ ነበረች። የወሊድ ፈቃዷ አልቆ ሥራ ስትገባ ልጇን ሶልያናን ለአክስቷ ለእትዬ አስካለ ትታ ነው። ልጅቷ ያለ ጊዜዋ የተወለደች፣ ኪሎ አልጨምር ያለች ጨቅላ ናት። ሐኪሙም "ስድስት ወር እስኪሞላት ከጡት ሌላ ምንም እንዳትቀምስ" ብሎ አስጠንቅቋል። እትዬ አስካለ ምሳ ሰዓት ላይ ሕፃኗን አዝለው እስከ ግቢው በር ያመጡላታል። የውብዳርን የጎደላት ነገር ቢኖር አረፍ ብላ የምታጠባበት አንድ ጥግ ብቻ ነበር።

ጥጉ ደግሞ ነበረ! የሚያበግነውም እሱ ነው። ከሬጅስትራሩ ፊት ለፊት "የሠራተኞች ማረፊያ" የሚል ትልቅ ሰሌዳ የተሰቀለበት ክፍል አለ። ፕሬዚዳንቱ ራሳቸው ሪባን ቆርጠው፣ "ሠራተኛው የተቋማችን የጀርባ አጥንት ነው፤ የእሱ ደኅንነት የእኛ ደኅንነት ነው" ብለው፣ ተጨብጭቦላቸው፣ ፎቶ ተነስተውበታል። ውስጡ የቆዳ ሶፋ፣ ወፍራም ነጭ ምንጣፍ፣ መሬት የሚነካ መጋረጃ፣ ፍሪጅ ሳይቀር አለው። ታዲያ ሪባኑ በተቆረጠበት ዕለት በሩም ተቆለፈ። የሶፋው ላስቲክ እንኳ አልተነሳም።

ቁልፉን የያዙት የንብረት ክፍሉ አቶ ጥጋቡ ናቸው፤ ጡረታቸው የደረሰ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሰው። በሩ ላይ የለስላሳ ሣጥን ገልብጠው ተቀምጠው ይውላሉ። የውብዳር ሥራ በጀመረች በማግስቱ ወደ እሳቸው ሄደች።

"ጋሼ ጥጋቡ፣ እባክዎ ምሳ ሰዓት ላይ ልጄን ላጥባበት። ብዙ አልቆይም።"

"የኔ ልጅ፣ ደስ ባለኝ ነበር። ግን ምንጣፉ ነጭ ነው። ሕፃን ደግሞ ያው ሕፃን ነው፤ ታስመልስበታለች።"

"ጨርቅ አነጥፋለሁ።"

"ሶፋው የወጣው በእኔ ስም ነው። አንዲት ጠብታ ብትገኝበት ማን ሊጠየቅ ነው? ጥጋቡ! በዚያ ላይ እንግዳ ይመጣል ተብሏል። እንግዳ የቆሸሸ ቤት ይግባ?"

"የሠራተኞች ማረፊያ ይላል እኮ!"

አቶ ጥጋቡ ቀና ብለው ሰሌዳውን አዩት። "መጻፉንማ ተጽፏል" አሉ።

እንግዲህ ከዚህ ሰው ጋር ምን ታደርጋላችሁ? ክፉ ሰው ቢሆኑ ሰድባቸው ይወጣላት ነበር። የውብዳር ምላሷን ነክሳ ወደ ፕሬዚዳንቱ ቢሮ ወጣች። እሳቸውም ደግ ናቸው፤ የዚህ ታሪክ አበሳ ሁሉም ደግ መሆናቸው ነው። ወንበር ስበው አስቀመጧት፣ ስለ ልጇ ጠየቋት፣ "ልክ ነሽ፣ ሙሉ በሙሉ ልክ ነሽ" አሏት። ከዚያ "ብቻ በቅርቡ እንግዶች ይመጡብናል፤ እነሱ በንጽሕናው ይዩትና ለእናንተ እንከፍተዋለን" አሉ። እንግዶቹ መጡ፣ አደነቁ፣ ሄዱ። ሌሎች እንግዶች እንደሚመጡ ተነገረ። እነሱም ሲሄዱ ደግሞ ሌሎች። ወይ እንግዳ! አገሩ ሁሉ እንግዳ የሆነ እስኪመስል ድረስ መጡ።

የውብዳር እስከዚያው ከግቢው ውጭ፣ ከሠራተኛ ማመላለሻው አውቶቡስ ኋላ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ታጠባ ነበር። እትዬ አስካለ ነጠላቸውን ዘርግተው ፀሐዩንም የሰውንም ዓይን ይከልሉላታል። አቧራው ግን የሚከለል አይደለም። ሶልያና ትስላለች፣ ጡቱን ትለቃለች፣ መልሳ ትይዛለች። "ምነው ልጄ፣ ይህን ሁሉ ፎቅ የደረደሩ ሰዎች ለአንዲት አራስ ቦታ አጡ?" ይላሉ እትዬ አስካለ።

ጭራሽ የባሰው መጣ። ዩኒቨርሲቲው ለሠራተኞቹ ደኅንነት አስቦ ስለ ጭንቀት አያያዝ ሥልጠና አዘጋጀ። መቼ ቢባል ጥሩ ነው? ምሳ ሰዓት ላይ! የሥራ ሰዓት እንዳይነካ ነው አሉ። መቅረት አይቻልም፣ መውጣትም አይቻልም፤ ስልክ ይዘጋል። አሠልጣኙ ለስለስ ባለ ድምፅ "ዓይናችሁን ጨፍኑ፤ አየር ወደ ውስጥ ሳቡ፤ አሁን በጣም የሚመቻችሁ ቦታ ላይ እንዳላችሁ አስቡ" አለ። የውብዳር ዓይኗን ጨፈነች። የመጣላት ያ ሶፋ ነው፤ እሱም ከነላስቲኩ። ጡቷ አግቷል፣ ሸሚዟ በወተት ርሷል፣ ልጇ በር ላይ እየጠበቀች ነው። ተነስታ ወደ በሩ ስትሄድ አስተባባሪው መንገድ ዘጋባት።

"እህቴ፣ የት ነው?"

"ልጄን ላጠባ ነው። በር ላይ ናት፣ ታማሚ ናት።"

"ትንሽ ታገሽ እንጂ! ይህ ሁሉ የሚደረገው ለማን ሆነና? ለእናንተው እኮ ነው!"

ሥልጠናው ሲያበቃ ሮጣ ወጣች፤ በሩ ላይ ማንም አልነበረም። ሕፃኗ ድምጿ እስኪዘጋ አልቅሳ፣ እትዬ አስካለም የሚያደርጉት ጠፍቷቸው፣ ከአንድ ሱቅ የላም ወተት ገዝተው አቅምሰዋት ኖሯል። ማን ይፈርድባቸዋል? የሚያለቅስ ሕፃን አቅፎ ያልቆመ ሰው ይፍረድ። ያን ምሽት ሶልያናን ተቅማጥ ያዛት፣ ሆስፒታል ገባች። እግዜር ይመስገን፣ ተረፈች። የእናቲቱ ጡት ግን በዚያ ሁሉ ድንጋጤና እንቅልፍ ማጣት መሐል ነጠፈ። ቢታሽም፣ አጥሚት ቢጠጣም፣ ተልባ ቢባልም አልመለስ አለ። የውብዳር ባዶ ጡቷን ይዛ አለቀሰች። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ ሥራ ልትለቅ ወደ ፕሬዚዳንቱ ሄደች።

ፕሬዚዳንቱ ከልባቸው አዘኑ። "ምን ጎደለብሽ? ማረፊያ ሠራንላችሁ፣ ሥልጠና ሰጠናችሁ፣ ከዚህ በላይ ምን እናድርግ?" አሉ።

"ምንም አልጎደለም ጌታዬ። ሁሉም ነገር አለ፤ እኛ ብቻ ነን የሌለንበት" ብላ ወጣች።

አንድ ትንሽ ኮሌጅ ተቀጠረች። ዓመት ሳይሞላ ኮሌጁ ሠራተኞቹን ሰብስቦ "ልምድ ቅሰሙ" ብሎ ወደዚያው ዩኒቨርሲቲ ላካቸው። የሠራተኛ አያያዙ ዝናው ወጥቷላ! የውብዳር ልትቀር አሰበች፤ ከዚያ ደግሞ እስቲ ልየው ብላ ሄደች።

አቶ ጥጋቡ በሩን ወለል አድርገው ከፈቱ። ጎንበስ ብለው የሶፋውን ላስቲክ በጥንቃቄ ገፈፉና "ይግቡ፣ ይቀመጡ እመቤቴ" አሉ። ቀና ሲሉ ፊቷን አዩ። "አንቺ... የውብዳር!" አሉና እጃቸው ላይ ያለውን ላስቲክ የሚያደርጉበት አጡ። "ልጅሽስ? ደኅና ናት?"

"ደኅና ናት፣ ጋሼ። አድጋለች።"

ተቀመጠች። ሶፋው ልብ ድረስ ይመቻል፣ መካድ አይቻልም። አንዲት ቀን ብቻ፣ አንዲት ምሳ ሰዓት ብቻ እዚህ ተቀምጣ ቢሆን ኖሮ ብላ አሰበች።

ፕሬዚዳንቱ ገለጻቸውን ጨርሰው "እናንተ ጋስ እንዲህ ያለ ክፍል አለ?" ብለው ሲጠይቁ የውብዳር መለሰች።

"ክፍል የለንም። ከመደርደሪያ ጀርባ መጋረጃ የጋረድንበት አንድ ወንበር ነው ያለን። የምታጠባም፣ ወገቡን ያመመውም፣ የከፋውም ይቀመጥበታል። ከመቀመጥ ብዛት ጨርቁ አልቋል።" ከዚያ ወደ በሩ ዞረች። አቶ ጥጋቡ የሚያማቸውን ጉልበት በእጃቸው ደግፈው እንደቆሙ ናቸው። ጎኗ ያለውን ቦታ እያሳየች "ጋሼ ጥጋቡ፣ ጉልበትዎን ያመዎታል፤ ይምጡ እስቲ እዚህ ጋ አረፍ ይበሉ" አለቻቸው።

አዛውንቱ ደነገጡ። "ኧረ ምን በወጣኝ!" አሉ። "እኔማ ሠራተኛ ነኝ።"

ፕሬዚዳንቱ መሬት መሬቱን አዩ። እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ግን አቶ ጥጋቡ ላስቲኩን መለሱ፣ በሩን ቆለፉ፣ ሣጥናቸው ላይ ተቀመጡ።

የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ይላሉ አበው። አብሮን የሚደክመውን ሰው የምንንቀው ክፉ ሆነን አይደለም፤ ሁልጊዜ ስላለ ነው፣ ነገም የሚኖር ስለሚመስለን ነው። ሲሄድ እንግዳ ይሆናል፣ ያኔ ምንጣፍ እናነጥፍለታለን። ለሠራተኛ ታሰበ የሚባለው የሚታይ ነገር ሲሠራለት አይደለም፤ የተሠራለትን ተጠቅሞ ሲያቆሽሸውና ሲያስረጀው ነው። ቤታችንም ቢሆን ያው ነን፤ ምርጡን ብርጭቆ ለእንግዳ ብለን ቡፌ ውስጥ ቆልፈን፣ ልጆቻችንን አፉ በተሸረፈ ኩባያ እናጠጣለን።

እስቲ እርስዎም ወደ መሥሪያ ቤትዎ፣ ወደ ቤትዎም ይመልከቱ። ለቅርብዎ ሰው ብለው ሠርተው፣ ቁልፉን ግን ለእንግዳ ያስቀመጡት የትኛውን በር ነው? ሰውየው ሳይሄድ፣ ጡቱ ሳይነጥፍ ይክፈቱት።